ዳቦ የሰረቀ ሕፃን ይሰቀል ነበር? የቪክቶሪያ ዘመን ቅጣት ለክርክር ያዋጣል?

ጥያቄው፦ «የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። በክርክር ክበባችን ‹ጠንካራ ቅጣት ወንጀልን ይቀንሳል› የሚለውን ወገን ይዤ እንድከራከር ዕጣ ደርሶኛል። ማስረጃ ላደርግ ያሰብኩት የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን እንግሊዝ ነው። በዚያ ዘመን ዳቦ የሰረቀ ሕፃን ሳይቀር ይሰቀል እንደነበርና ሰዉ ፈርቶ ወንጀል እንደቀነሰ አንብቤአለሁ። በዚህ ብከራከር ያዋጣኛል? የትኞቹን ቁጥሮች ልጥቀስ?»

አያዋጣሽም። ያነበብሽው ታሪክ ሁለት ዘመናትን በአንድ ድስት ቀቅሎ፣ ፍርዱን ከአፈጻጸሙ ሳይለይ፣ በመጨረሻም የነገሩን ቅደም ተከተል ገልብጦ ያቀረበ ነው። ተከራካሪሽ ግማሽ ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ከመጣ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጠርቶ ያፈርስብሻል። አንድ በአንድ ልፍታው። ዓመቶቹም፣ ወራቱና ቀኖቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቪክቶሪያ የነገሠችው በ1837 ነው፤ ያረፈችው በ1901። ሰው በስርቆት የሚሰቀልባት እንግሊዝ ግን ከእርሷ በፊት የነበረችው ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መባቻ በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ቁጥር ከ200 በላይ ደርሶ ነበር። በግ መስረቅ፣ ከሱቅ ዕቃ ማንሳት፣ ሰነድ ማጭበርበር፣ ሁሉም ገመድ ያስጠልቅ ነበር። ያ የሕግ ክምር በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ እየተናደ ሄዶ፣ ወጣቷ ንግሥት ዘውድ ስትጭን አብዛኛው ፈርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተግባር መስቀያው ላይ የሚወጣው ገዳይ ወይም ለመግደል የሞከረ ሰው ብቻ ነበር። በ1861 የወጡት ሕጎች ደግሞ የሞት ቅጣትን በአራት ወንጀሎች ብቻ ወሰኑት፦ ነፍስ ግድያ፣ አገር ክህደት፣ ኃይል የተቀላቀለበት የባሕር ላይ ውንብድና፣ እንዲሁም የንግሥቲቱን የጦር መርከብ ግቢዎች ማቃጠል። በግድያ ሙከራ የተሰቀለው የመጨረሻው ሰው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ቼስተር ከተማ ላይ ነው የተሰቀለው። ስለዚህ በቪክቶሪያ ዘመን ዳቦ ሰርቆ የተሰቀለ ሕፃን የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፍሽ አውጪው።

ታሪኩ ከየት መጣ ብትዪ፣ ከፍርድ መዝገብ ነው። በ1833 አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በተሰበረ የመስኮት መስታወት በኩል እንጨት አስገብቶ ሁለት ፔንስ የሚያወጣ የሥዕል ቀለም በመስረቁ ሞት ተፈርዶበታል። ፍርዱ እውነት ነው፤ ልጁ ግን አልተሰቀለም። ይህ ልዩ አጋጣሚ አልነበረም። በ1831 በእንግሊዝና በዌልስ ከ1,600 በላይ ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው የተሰቀሉት 52 ናቸው። የቀሩት በምሕረት ወደ ግዞት ወይም ወደ እስር ተዛውረዋል። እንዲያውም በ1823 የወጣ ሕግ ዳኛው፣ ከነፍስ ግድያ በቀር፣ ተከሳሹ ምሕረት እንደሚገባው ካመነ የሞት ፍርዱን በአንደበቱ ሳያሰማ መዝገብ ላይ ብቻ እንዲያሰፍር ፈቅዶለታል። በመዝገቡ ላይ «ሞት ተመዘገበ» የሚል ሐረግ ስታገኚ ትርጉሙ «ይህ ሰው አይገደልም» ማለት ነው። ቃሉና ትርጉሙ ተቃራኒ ስለሆኑ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2019 አንዲት ስመ ጥር አሜሪካዊት ጸሐፊ ይህን ሐረግ «ተሰቀለ» ብላ ተርጉማ መጽሐፍ ጽፋ፣ በቀጥታ በሚተላለፍ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂው መዝገቡን እያነበበ አርሟታል። አሳታሚዋ የአሜሪካውን እትም ሰረዘው። የሕግ ተማሪ በሸንጎ ፊት እንዲህ ዓይነት ነገር እንዲደርስባት አልመኝም።

አሁን ወደ ክርክርሽ ልብ እንግባ። እንግሊዞች ያን ሁሉ የሞት ሕግ የሰረዙት ድንገት ሩኅሩኅ ሆነው አይደለም። ሕጉ ስላልሠራ ነው። ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ በሞት ያስቀጣ ነበር። ጥፋተኛ ወይም ነጻ የሚሉት ጁሪ የሚባሉት አሥራ ሁለት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች። ተከሳሹ ሲሰርቅ እንደተያዘ ያውቃሉ፤ በዚህ ሰበብ እንዲሞት ግን አይፈልጉም። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ዕቃውን 39 ሽልንግ ነው ብለው ይገምታሉ። ዐይን ያወጣ ሐሰት ነው፤ ዳኛው ያውቃል፣ ከሳሹ ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። በ1827 ወለሉ ከ40 ሽልንግ ወደ 5 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 100 ሽልንግ ከፍ ሲል፣ የጁሪዎቹም ግምት አብሮ ከፍ አለና 99 ሽልንግ ላይ ቆመ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የባንከኞቹ ነገር ነው። ሰነድ ማጭበርበር በሞት ያስቀጣ ስለነበር ጁሪዎች ጥፋተኛ ማለትን ሸሹ፤ አንዳንድ ተጎጂም ሰው ላስገድል ነው ብሎ ክስ ሳይመሠርት ቀረ። በዚህ የሚከስረው ማን ነው? ባንኩ። ስለዚህ በ1830 ባንከኞች ራሳቸው ተሰባስበው «የሞት ቅጣቱን አንሱልን፤ ገንዘባችንን የሚጠብቅልን ቀለል ያለና የማይቀር ቅጣት ነው» የሚል ይዘት ያለው አቤቱታ ለፓርላማ አቀረቡ። የሚበዘበዙት ወገኖች ቅጣቱ ይቅለልልን ሲሉ ስሚ! ሃያ ዓመት የወንጀል ሕግ ሳስተምር የቅጣት ክብደትና የቅጣት አይቀሬነት ልዩነትን ከዚህ አቤቱታ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ይህን ስል ዘመኑ ለስላሳ ነበር ማለቴ አይደለም። ገመዱ ሲሰበሰብ ቦታውን የያዙት ግዞትና ወህኒ ቤት ናቸው። ከ1787 ጀምሮ 160,000 ያህል ወንዶችና ሴቶች በመርከብ ተጭነው ወደ አውስትራሊያ ተግዘዋል፤ አብዛኞቹ ተራ ሌቦች ነበሩ። ሰባት ዓመት የተፈረደበት ሰው ዘመኑን ሲጨርስ የመመለሻ ሳንቲም የሚሰጠው ስላልነበር፣ ግዞቱ ለብዙዎች የዕድሜ ልክ ሆነ። አውስትራሊያውያኑ ግን የእናንተን ሌባ አንቀበልም ማለት ጀመሩ። ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1840፣ ዛሬ ታዝማኒያ የምንላት ደሴት በ1853 በሯን ዘጋች፤ የመጨረሻዋ የግዞተኞች መርከብ በምዕራብ አውስትራሊያ የደረሰችው በጥር 1868 ነው። መንግሥት ሌቦቹን አገር ውስጥ ማሰር ግዴታ ሆነበት፤ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ትልቅ ማረሚያ ቤት የተስፋፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአዲሱ ወህኒ ቤት አርአያ በ1842 ለንደን ላይ የተከፈተው ፔንተንቪል ነበር። አምስት መቶ ሃያ ክፍል፣ እያንዳንዱ አራት ሜትር ርዝመት፣ ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት። እስረኛው ሥራውን፣ ምግቡን፣ እንቅልፉን የሚያገኘው እዚያው ብቻውን ነው። ለእግር ጉዞ ሲወጣ ፊቱን የሚሸፍን ቆብ ያጠልቃል፤ በቤተ ጸሎቱም ቄሱን ብቻ እንጂ ጎረቤቱን እንዳያይ በጣውላ በተከለለ ሣጥን መሰል መቀመጫ ውስጥ ይቆማል። የሐሳቡ ባለቤቶች ሃይማኖተኛ ተሐድሶ አራማጆች ነበሩ፤ ሰው ከሕሊናው ጋር ብቻውን ከተተወ ንስሐ ይገባል ብለው ከልብ ያምኑ ነበር። ንስሐ የገባውን መቁጠር አይቻልም፤ አእምሮው የታወከውን ግን መቁጠር ስለተቻለ መጀመሪያ 18 ወር የነበረው የብቸኝነት ጊዜ ወደ 12፣ ኋላም ወደ 9 ወር እንዲቀንስ ተደርጓል።

በተራ የከተማ ወህኒ ቤቶች ደግሞ ክራንክ የሚሉት ነገር ነበር። የብረት ሣጥን ነው፤ ውስጡ አሸዋ አለ፤ በጎኑ እጀታ ወጥቶለታል። እስረኛው እጀታውን ሲያዞር ውስጥ ያለው መቅዘፊያ አሸዋውን ይዝቃል፤ መልሶ ያፈሰዋል። ምንም አይፈጭም፣ ምንም አይሸመንም፣ ውኃ አይቀዳም። ሣጥኑ ላይ ያለው መቁጠሪያ ግን ዙሩን ይቆጥራል፤ ልማዱ በቀን 10,000 ዙር ነበር። ጠባቂው ብሎኑን ሲያጠብቀው እጀታው ይከብዳል። እንግሊዞች እስከ ዛሬ የወህኒ ጠባቂን «ብሎን» ብለው የሚሳደቡት ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል።

በ1853 የጸደይ ወራት ኤድዋርድ አንድሩስ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ወደ በርሚንግሃም ወህኒ ቤት ገባ። ወንጀሉ ሁለት ኪሎ የማይሞላ የበሬ ሥጋ መስረቅ፣ ቅጣቱ ሦስት ወር። ልጁ ክራንኩን እንደታዘዘው መጨረስ አቃተው። ዙሩን ያልጨረሰ ደረቅ ዳቦና ውኃ እንጂ ሌላ አያገኝም፤ ደረቅ ዳቦ የበላ ደግሞ በማግስቱ ያንሳል እንጂ አይጨምርም። ሲያቅተው እንቢተኛ ነው ተብሎ ክንዱን የሚጠፍር ጃኬትና አንገቱን ወጥሮ የሚይዝ የቆዳ ኮሌታ ተደርጎበት፣ ቆሞ ከግድግዳ ጋር በጠፍር ታሰረ፤ ውኃም ተደፋበት። አንድ ወር ሳይሞላው ሚያዝያ 27 ቀን ከክፍሉ የመስኮት ብረት ላይ ራሱን ሰቀለ። ነገሩ አገር አስጮኸ፤ ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ተሰየመ፤ የወህኒ ቤቱ አዛዥ ሌተናንት ኦስቲን ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። የተፈረደበት ስንት ይመስልሻል? ሦስት ወር። ሥጋ የሰረቀው ልጅ ያገኘውን ያህል።

ስለ ሕፃናት ከጠየቅሽ አይቀር፣ ትክክለኛው የቪክቶሪያ ዘመን ታሪክ እንዲህ ያለው ነው፤ ገመድ ሳይሆን ክራንክ፣ ገመድ ሳይሆን አርጩሜ። በ1847 የወጣ ሕግ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ትንንሽ ሌቦች ያለ ጁሪ በወረዳ ዳኞች ፊት በአጭሩ እንዲዳኙ አደረገ፤ በ1854 ደግሞ እነ ሜሪ ካርፔንተር ለዓመታት የወተወቱለት የተሐድሶ ትምህርት ቤት በሕግ ጸና። ሆኖም ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመላኩ በፊት ቢያንስ 14 ቀን ወህኒ ቤት እንዲቀምስ ሕጉ ያዝዝ ነበር። ፓርላማው ምሕረቱን ጨርሶ ለመስጠት እጁ አልፈታለትም።

በአደባባይ መስቀልም የሚነሣብሽ ጉዳይ ነው። የመጨረሻው የአደባባይ ስቅላት ግንቦት 26 ቀን 1868 ከኒውጌት ወህኒ ቤት ደጅ ተፈጸመ፤ የተሰቀለው ማይክል ባሬት ነው፤ በክለርከንዌል ለደረሰውና አሥራ ሁለት ሰው ለገደለው ፍንዳታ። ዘመኑን በአእምሮሽ ለማስቀመጥ ከረዳሽ፣ መቅደላ ከተሰበረችና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ ገና ስድስት ሳምንት አልፎ ነበር። እኛ አገር እስረኞች ሊያስፈቱ ጦር ያዘመቱት እንግሊዞች በዋና ከተማቸው ሰው የሚሰቅሉት እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ ሰብስበው ነበር ማለት ነው። ያን ልማድ ያስቀረው ክርክር ለአንቺ ወገን የሚመች አይደለም፦ ሕዝቡ ይፈራል ተብሎ የተጠራበት ትርኢት ላይ ሰዉ ይሰክራል፣ ይሳሳቃል፣ ኪስ አውላቂዎችም በዚያው ጭንቅንቅ ውስጥ ሥራቸውን ይሠራሉ።

አሁን ቁጥር። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብሽ እዚህ ላይ ነው። በ1805 ለከፍተኛ ፍርድ የቀረቡ ተከሳሾች 4,600 ያህል ነበሩ፤ በ1842 ከ31,000 በላይ ሆኑ። ወንጀል በሰባት እጥፍ ጨመረ ማለት ነው? አይደለም። ሕዝቡ በዝቷል፤ 1842 ራሱ የረኃብና የሥራ ማቆም ዓመት ነበር፤ ፖሊስ ተቋቁሟል፤ ከሁሉም በላይ ግን ለከሳሽ ወጪው መተካት ጀምሯል። ይህ ለኛ ለዐቃቤ ሕግ ልማድ እንግዳ ስለሆነ ልብ በዪው፦ በዚያ ዘመን አብዛኛውን ክስ የሚያቀርበው የተበደለው ሰው ራሱ ነው። ፍርድ ቤት ለመሟገት ገንዘብ የሌለው ሰው ዶሮውን ተሰርቆ ዝም ይላል፤ ወጪህ ይተካልሃል ሲባል ይከሳል፤ «ወንጀል» ይጨምራል። የመንግሥት ዋና ዐቃቤ ሕግ ሹመት የመጣው በ1879 በወጣ ሕግ ነው።

ከ1850ዎቹ ወዲህ የተመዘገበ ስርቆትና ዓመፅ መቀነሱን አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን ይቀበላሉ፤ ምን ያህሉ የእውነት ቅናሽ፣ ምን ያህሉ የአቆጣጠር ነው በሚለው ግን ይለያያሉ። ለምሳሌ የ1855ቱ ሕግ ትንንሽ ስርቆቶችን ከጁሪ ችሎት አውጥቶ ወደ ወረዳ ዳኞች አዛወራቸው። በማግስቱ የከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቀለለ፤ ሌባው ግን እዚያው ነው። በሌላ በኩል የስካር ክስ እየበዛ ሄዶ በ1870ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ200,000 አለፈ። ይህ የጠጪው ብዛት ብቻ ሳይሆን የፖሊሱም ትጋት ነው። ቁጥር ስትጠቅሺ «የተመዘገበ» የሚለውን ቃል አትጣዪ። ሌላው ቀርቶ የነፍስ ግድያ ቁጥር እንኳ ሙሉ እምነት አይጣልበትም፤ በየጥጉ ሞተው የተገኙ ጨቅላ ሕፃናት ብዙዎቹ «ሞቶ የተገኘ» ተብለው ብቻ ተመዝግበው ቀርተዋል።

ይሁንና ላግዝሽ ብዬ ለአንቺ ወገን ከሁሉ የሚሻለውን ክርክር ራሴ ላቅርብ። «በ1865 የወህኒ ቤት ሕግ ጠበቀ፤ ከባድ ሥራ፣ ደረቅ ምግብ፣ የጣውላ አልጋ የሚባለው ሥርዓት መጣ፤ በ1877 ደግሞ ወህኒ ቤቶቹ ሁሉ ወደ መንግሥት ተጠቃልለው በወህኒ ቤቶች ኃላፊው በኤድመንድ ዱ ኬን እጅ ወደ አንድ ብረት ተቀጠቀጡ፤ በዚያው ወቅት የተመዘገበ ወንጀል ቀነሰ» ልትዪ ትችያለሽ። እውነት አለው። ነገር ግን ሁለት ቀዳዳ አለበት። ቅናሹ የጀመረው ከ1865 አስቀድሞ፣ መስቀያውና ግዞቱ እየተመናመኑ ሳለ ነው። ሁለተኛ፣ በ1895 የግላድስተን ኮሚቴ የሚባለው የመንግሥት አጣሪ ቡድን ያንኑ ሥርዓት መርምሮ ሲያበቃ እስረኛው ወጥቶ መልሶ ይገባል፣ ማስፈራራትና ማረም ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው አለ፤ በ1898 ክራንኩም፣ እንደ ደረጃ እየተረገጠ የሚዞረው መንኮራኩርም ተነሡ።

የ1863ቱን የግርፋት ሕግ ግን ጨርሶ አትንኪው፤ ወጥመድ ነው። በሐምሌ 1862 ፒልኪንግተን የተባለ የፓርላማ አባል ከምክር ቤቱ በምሽት ሲመለስ መሐል ለንደን ላይ ታንቆ ተዘረፈ። እኛ ማጅራት መቺ የምንላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ጋዜጦቹ ተነሡ፤ በአመክሮ የተለቀቁ እስረኞች ከተማዋን ወረሯት ተባለ፤ ባለ ገንዘቦች ሹል ብረት የተተከለበት የአንገት መከላከያ እስከ መግዛት ደረሱ የሚል ፌዝ የጋዜጦች ሥዕል ሆነ። ፖሊስ በብዛት ማሰር ሲጀምር መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ተተኮሰ፤ ቁጥሩ ሲተኮስ ፍርሃቱ ባሰ። በመጨረሻ ፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ግሬይ እየተቃወሙ እንኳ በጅራፍ መግረፍን የሚመልስ ሕግ በ1863 አወጣ። ሕጉ ሲወጣ ግን ነገሩ ከበረደ ወራት አልፎ ነበር፤ ቀደም ብሎ የበረደው ወንበዴዎቹ በ1862 መጨረሻ ተይዘው ስለተፈረደባቸው ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የጅራፍ ወዳጆች «ግርፋት ማጅራት መቺን አጠፋ» እያሉ ሲያወሩ ኖረዋል። ዓመቱን የሚያውቅ ተከራካሪ ከገጠመሽ እዚያው ላይ ያሸንፍሻል።

ታዲያ ወንጀልን ምን ቀነሰው? አንድ ምክንያት ብቻ የሚሰጥሽን ሰው አትመኚ። እኔ ክብደት የምሰጠው ለሁለት ነው። አንደኛው ፖሊስ፦ ሮበርት ፒል በ1829 ለለንደን ያቋቋመው ኃይል በ1856 ሕግ በየአውራጃው ግዴታ ሆነ፤ ተቆጣጣሪው ብቁ ነው ያለውን ፖሊስ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ከደመወዙና ከደንብ ልብሱ ወጪ አንድ አራተኛውን ይሸፍንለት ጀመር። ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ሰው በየሌሊቱ አንድ መንገድ እየደጋገመ መራመዱ ልብ ወለድ ውስጥ የሚያስገባ ነገር የለውም፤ ሌባ ግን ያሰላዋል። ሁለተኛው ኑሮ፦ ከመካከለኛው ምዕተ ዓመት በኋላ የሠራተኛው እውነተኛ ገቢ አደገ፣ ከ1870ዎቹ ወዲህ ከባሕር ማዶ በመጣ ስንዴ እንጀራው ረከሰ፣ በ1880 የልጆች ትምህርት ግዴታ ሲሆን መንገድ ላይ ውሎ ማምሸት ቀነሰ። አብዛኛው የዘመኑ ወንጀል ጥቃቅን ስርቆት ስለነበር ዳቦ ሲረክስ መቀነሱ አይደንቅም። በ1888 በለንደኑ ዋይትቻፕል ሰፈር ሴቶችን ያረደውና ያልተያዘው ገዳይ የዘመኑን ስም ቢወስደውም የዘመኑ ተራ ወንጀለኛ አልነበረም፤ የዘመኑ ተራ ወንጀለኛ ጫማ ሰርቆ አራጣ ቤት ያስያዘ ሰው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ጨምሬ ልለፍ። ጥብቅ ቅጣት በማን ላይ ጥብቅ እንደሆነ ይጠይቁሻል። ከ1864 እስከ 1879 በሥራ ላይ በነበረው ሕግ ከባድ ወንጀል የደገመ ሰው በወህኒ የጉልበት ሥራ ከተቀጣ ዝቅተኛው ሰባት ዓመት ነበር፤ ስርቆትም ከዚያ ምድብ ውስጥ ነው። በ1878 የከሰረው የግላስጎው ሲቲ ባንክ ዳይሬክተሮች ግን የሐሰት ሒሳብ አቅርበው ስንቱን ቤተሰብ አራቁተው በማግስቱ ዓመት የተፈረደባቸው ከስምንት እስከ አሥራ ስምንት ወር ነው። ሌላው የስሕተት ጉዳይ ነው፤ ድሃው በአብዛኛው ያለ ጠበቃ ይቀርባል፣ ተከሳሹ በራሱ ጉዳይ ምሎ እንዲመሰክር በአጠቃላይ የተፈቀደው በ1898 ነው፣ የወንጀል ይግባኝ ችሎት የመጣው ደግሞ ቪክቶሪያ ካረፈች በኋላ በ1907። አዶልፍ ቤክ የተባለው ሰው በ1896 በሌላ ሰው ወንጀል ተፈርዶበት ዓመታት ከታሰረ በኋላ ነጻነቱ የታወቀው በ1904 ነበር። ለስሕተት እንዲህ በሩ የተከፈተ ሥርዓት ቅጣቱን ባከበደ ቁጥር ስሕተቱንም ያከብዳል።

ምክሬ ይህ ነው። የሕፃኑን ስቅላት ጣዪው፣ የግርፋቱን ሕግ ጣዪው፣ «የቪክቶሪያ ዘመን» የሚለውን ድፍን ስም ራሱ ጣዪና አንድ አሥር ዓመት ምረጪ። ዕጣው ያሰረሽ «ጠንካራ ቅጣት» በሚለው ቃል ከሆነ፣ ክርክርሽን የምትከፍቺው «ጠንካራ» የሚለውን በመተርጎም ይሁን፦ ጠንካራ ማለት ከባድ ማለት ሳይሆን የማይቀር ማለት ነው ብለሽ ጀምሪ። ያኔ የ1830ዎቹ ባንከኞች፣ የ39 ሽልንጉ ጁሪና የ1856ቱ የፖሊስ ሕግ የአንቺ ምስክሮች ይሆናሉ። ዳኞቹ ይህን ትርጉም ካልተቀበሉሽ የእንግሊዝን ምሳሌ ትተሽ ሌላ አገር ፈልጊ፤ በዚህ ምሳሌ ክብደትን ደግፈሽ አታሸንፊም።

ከክርክሩ በፊት አንድ ከሰዓት ስጪና የለንደኑን ዋና የወንጀል ችሎት፣ የኦልድ ቤይሊን መዝገብ ራስሽ ክፈቺው። ከ1674 እስከ 1913 ያሉ ወደ 200,000 የሚጠጉ ችሎቶች በነጻ በኢንተርኔት ይገኛሉ። የ1820ዎቹን አንድ ዓመት ያዢና ስንት ጊዜ 39 ሽልንግ የሚል ግምት እንደሚገጥምሽ ቁጠሪ። ሞት የሚል ቃል ባየሽ ቁጥር ደግሞ ከጎኑ ያለውን ግስ ሳታነቢ አትለፊ።